ሳይቶሜጋሎቫይረስ፦ ነፍሰ ጡር እናቶችና አዲስ የተወለዱ ሕፃናት
በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ሳምንት፣ በጤና ቀን የቀረበ ንግግር



እኛ የጤና ንዑስ ኮሚቴው አባላት በዚህ በናይሮቢ ከተማ በየሆስፒታሉና በየክሊኒኩ የምንሠራ ነርሶች፣ አዋላጆችና ሐኪሞች ነን። ባለፉት ዓመታት በዚህ አዳራሽ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ብዛትና ስለ ወባ ተናግረናል። ዘንድሮ የመረጥነው ርእስ ግን ብዙዎቻችሁ ስሙን እንኳ ሰምታችሁት የማታውቁት ነው። የመረጥንበትም ምክንያት አለን። በአንድ በኩል ይህን ስም በላብራቶሪ ወረቀት ላይ አይተው የደነገጡ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ ፅንሱ ይውረድ ወይስ ይቆይ እስከማለት የደረሱ እህቶቻችን በየጊዜው ወደ እኛ ይመጣሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ልጃቸው አራት ዓመት ሞልቶት «እማማ» ከማለት ያላለፈ፣ ችግሩ ከየት እንደመጣ ማንም ያልነገራቸው ወላጆች በመካከላችን አሉ። የሁለቱም ጥያቄ የሚገናኘው እዚህ ቫይረስ ላይ ነው።

ስሙ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ይባላል። ረጅም ስለሆነ ሐኪሞች ሲኤምቪ ይሉታል፤ እኛም ከእንግዲህ እንዲሁ እንለዋለን። ትርጉሙ ሕዋስን የሚያገዝፍ ቫይረስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ሁጎ ሪበርት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሞቶ በተወለደ ሕፃን ኩላሊት ውስጥ ከልክ በላይ የገዘፉ ሕዋሳት አየ፤ ምን እንደሆኑ ግን አላወቀም። ቫይረሱን በላብራቶሪ ማሳደግ የተቻለው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ሦስት የአሜሪካ ቡድኖች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። የዛሬውን ስም ያወጣለት ከነዚሁ አንዱ የሆነው ቶማስ ዌለር ነው። እርሱም ቀደም ብሎ በ1954 በፖሊዮ ቫይረስ ሥራው ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሰው ነው።

ቤተሰቡን ብንነግራችሁ ግን እንግዳ አይሆንባችሁም። ጉድፍን፣ አልማዝ ባለጭራንና ከንፈር ላይ የሚወጣውን ምች የሚያመጡት ቫይረሶች የሲኤምቪ ዘመዶች ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ጠባይ አንድ ነው፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፣ አልፎ አልፎም ይነሣል። ልጅ ሆኖ ጉድፍ የያዘው ሰው በስተርጅና አልማዝ ባለጭራ የሚወጣበት በዚሁ ምክንያት ነው። ሲኤምቪ ሲነሣ ግን በቆዳ ላይ የሚታይ ምልክት ስለሌለው ባለቤቱ አያውቀውም።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ አብዛኛው ሰው ቫይረሱን የሚያገኘው በሕፃንነቱ፣ በአብዛኛውም ገና ዓመት ሳይሞላው ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ነፍሰ ጡር ሴቶች ቢመረመሩ አብዛኞቹ፣ ከአሥር ዘጠኝ የሚጠጉት፣ ቫይረሱ ቀድሞ እንደያዛቸው የሚያሳይ ምልክት በደማቸው ይገኛል። በዚህ አዳራሽ ያለነው ሰዎች ሁላችንም ብንመረመር ነጻ የሚሆነው በጣት የሚቆጠር ነው። ጤነኛ ሰው ሲይዘው ወይ ምንም አይሰማውም፣ ወይ ጉንፋን የመሰለ ትኩሳትና ድካም ተሰምቶት ያልፋል። ስለዚህ «ሲኤምቪ አለብሽ» ማለት በራሱ በሽታ አለብሽ ማለት አይደለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለነፍሰ ጡር እህቶቻችሁ ንገሩልን።

ታዲያ ጉዳቱ የት ላይ ነው? ጉዳቱ ቫይረሱ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ገና በማህፀን ያለውን ፅንስ ሲይዝ ነው። ይህ በዓለም ላይ ከእናት ወደ ፅንስ ከሚተላለፉ ኢንፌክሽኖች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከብዙ አገሮች ተሰብስቦ የወጣ ጥናት እንዳሳየው በበለጸጉት አገሮች ከ200 ሕፃናት አንዱ ገደማ፣ እንደ እኛ ባሉት አገሮች ደግሞ ከ1,000 ሕፃናት 14 ያህሉ ቫይረሱን ይዘው ይወለዳሉ። ከነዚህ 14 ሕፃናት ከአሥሩ ዘጠኙ ሲወለዱ ፍጹም ጤነኛ ይመስላሉ። አንድ ወይም ሁለቱ ግን ክብደታቸው ያነሰ፣ ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ የሆነ፣ ቆዳቸው ላይ ደም የቋጠረ የሚመስል ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ጉበታቸውና ጣፊያቸው ያበጠ፣ ወይም የጭንቅላታቸው ዙሪያ ከልክ በታች ያነሰ ሆነው ይወለዳሉ። ጠቅላላ ሲታሰብ ቫይረሱን ይዘው ከሚወለዱት ከአምስቱ አንዱ ዘላቂ ጉዳት ያገኘዋል። ከጉዳቶቹ ሁሉ የበዛው የመስማት ችሎታን ማጣት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የማኅበራችንን ልጆች ይበልጥ የሚነካው ይህ ነውና። ሲኤምቪ በዘር ከሚመጣው ቀጥሎ በልጆች ላይ የመስማት ችግር ከሚያመጡት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ በተወለደ ዕለት ሰምቶ የነበረ ልጅ በስድስት ወሩ፣ በሁለት ዓመቱ ወይም ከዚያም በኋላ መስማቱን ቀስ በቀስ ሊያጣ መቻሉ ነው። በአንድ ጆሮ ጀምሮ ወደ ሁለተኛው ሊሄድም ይችላል። ስለዚህ ወላጅ «ሲወለድማ በር ሲዘጋ ይደነግጥ ነበር» ቢል እውነቱን ነው። ያ ግን ዛሬ ይሰማል ማለት አይደለም።

በስደት የሚያድግ ልጅ ላይ ይህ ነገር ድርብ ይሆናል። ቤታችን ውስጥ አማርኛ ይነገራል፤ ሞግዚቷ በስዋሂሊ ታወራዋለች፤ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው። ልጁ አፉን ሳይፈታ ሲቀር ሁሉም ሰው አንድ መልስ አለው፦ «ሦስት ቋንቋ ተደባልቆበት ነው፣ ተዉት ይፈታል»። አክስት ትላለች፣ ጎረቤት ይላል፣ ሲያሳዝን የጤና ባለሙያም ይላል። ከዚህም ተነሥተው በቤታቸው አማርኛ መናገር ያቆሙ ወላጆች እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር ብዙ ቋንቋ የሚሰማ ጤነኛ ልጅ ቃላቱን በየቋንቋው ይከፋፍለው ይሆናል እንጂ በዚህ ምክንያት ብቻ ዲዳ አይሆንም። በአንድ ዓመት ተኩሉ በየትኛውም ቋንቋ ቃል የማያወጣ ልጅ፣ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር ልጅ፣ ቴሌቪዥን ከፍ አድርጎ የሚያይ ልጅ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ቋንቋውን የመቀነሱ ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰባል። እኛን ከጠየቃችሁን አማርኛውን አትቀንሱበት።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ወረቀት እንምጣ። እርጉዝ እህቶች በየግል ክሊኒኩ «ቶርች» የሚባል የምርመራ ጥቅል ይታዘዝላቸዋል። ይህ ጥቅል ቶክሶፕላዝማን፣ ሩቤላን፣ ሲኤምቪንና የምች ቫይረስን አንድ ላይ የሚያይ የደም ምርመራ ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ያለ በቂ ምክንያት ይታዘዛል፤ ይህን ስንል የሚከፋው ባለሙያ ቢኖርም እውነቱ ይህ ነው። በወረቀቱ ላይ ስለ ሲኤምቪ ሁለት መስመር ታያላችሁ። አንደኛው አይጂጂ ይባላል፤ እርሱ «ፖዘቲቭ» ከሆነ ትርጉሙ «ይህች ሴት በሆነ ጊዜ፣ ምናልባትም ሕፃን ሳለች፣ ቫይረሱ ይዟት ነበር» ነው። በእኛ ሕዝብ ዘንድ ፖዘቲቭ መሆኑ የተለመደው ነው። ሁለተኛው አይጂኤም ይባላል፤ በቅርብ ጊዜ የገባን ኢንፌክሽን ያሳያል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን አይጂኤም ከኢንፌክሽኑ በኋላ ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ የቆየ ቫይረስ ሲነሣም ብቅ ይላል፤ አንዳንዴም በሌላ ቫይረስ ምክንያት በስሕተት ፖዘቲቭ ይሆናል። ስለዚህ በአይጂኤም ብቻ «ልጅሽ ተጎድቷል» ማለት አይቻልም።

ይህን የምንለው በምክንያት ነው። በአንድ ክሊኒክ በዚሁ ወረቀት ብቻ ተመርኩዘው «ልጁ አካለ ስንኩል ይሆናል፣ ቢወርድ ይሻላል» የተባለች እህት ወረቀቷን ይዛ ወደ እኛ መጥታለች። የአሥራ አንድ ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች። የተደረገላት የአይጂጂውን ዕድሜ የሚለካ ተጨማሪ የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ ፀረ እንግዳ አካሉ ቫይረሱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ይለካል። የቆየ ሲሆን አጥብቆ ይይዛል፣ አዲስ ሲሆን ይላላል። በእርግዝናው የመጀመሪያ ሦስት ወራት ተለክቶ አጥብቆ የሚይዝ ሆኖ ከተገኘ ቫይረሱ ከእርግዝናው በፊት የገባ ነው ማለት ነው። የእርሷም እንዲሁ ሆነ። ይህ ምርመራ በየላብራቶሪው አይሠራም፤ ናሙናው ወደ ሌላ አገር የሚላክበት ጊዜ አለ። ሆኖም ከባድ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ ነው። ከዚያም በማህፀን ሐኪም የሚደረግ ጥሩ አልትራሳውንድ ይከተላል፤ አስፈላጊ ከሆነም ከ17ኛው ሳምንት በኋላ የሽርት ውኃ ተቀድቶ ይመረመራል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። አንዲት እናት ቫይረሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ከያዛት ወደ ፅንሱ የማለፍ ዕድሉ ከሦስት አንድ ገደማ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሆነ ጉዳቱ የከፋ ነው። ቀድሞ የያዛት እናት ግን ወደ ፅንሷ የማለፍ ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው፤ በጥቅሉ ከመቶ አንድ አካባቢ ይገመታል። ነገር ግን አነስተኛ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም። የተደበቀው ሊነሣ ይችላል፤ ወይም ሌላ ዓይነት ዝርያ አዲስ ሊገባ ይችላል። በእኛ አገሮች ሴቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ቀድሞ የተያዘ ስለሆነ፣ ቫይረሱን ይዘው የሚወለዱት ልጆች አብዛኞቹ የእነዚሁ እናቶች ልጆች ናቸው። በአንድ ወቅት «አፍሪካ ውስጥ ሁሉም በልጅነቱ ስለሚይዘው ችግር የለም» ይባል ነበር፤ ዛሬ ይህ አነጋገር ትክክል እንዳልሆነ ታውቋል። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ እናቶች ልጆች ላይ ደግሞ በብዛት እንደሚታይ በደቡብና በምሥራቅ አፍሪካ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ለልጁ በዚህም በኩል ይጠቅመዋል።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በምራቅ፣ በሽንት፣ በእናት ጡት ወተት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በደም ነው። በአየር አይተላለፍም። ለነፍሰ ጡር ሴት ዋነኛው ምንጭ ማን እንደሆነ ስንነግራችሁ ትገረሙ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በታች ያለው የራሷ ልጅ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አንዴ ከያዘው ምንም ሳያመው በምራቁና በሽንቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ቫይረሱን ያወጣል። መዋያ ወይም መዋዕለ ሕፃናት የሚውሉ ልጆች ደግሞ አሻንጉሊት እየተቀባበሉ ወደ አፋቸው ስለሚከቱ እርስ በርስ በቀላሉ ይሰጣጣሉ።

ስለዚህ የምንመክረው ልጅን መሸሽ አይደለም። የሕፃኑን ዳይፐር ከቀየራችሁ፣ ንፍጡን ወይም ለሃጩን ከጠረጋችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ነው። ልጁ የበላበትን ማንኪያ አትላሱ፤ ልጁ የተወውን ፍርፋሪ እናት እንድትበላው ማድረግ በቤታችን የተለመደ ነው፣ ምግብ መጣል ነውር ስለሆነብን። ነፍሰ ጡር ስትሆኑ ግን ለአባትየው ተዉለት። ልጁ አፍ ውስጥ የነበረውን የጡጦ ጫፍ በራሳችሁ አፍ አታጽዱ። ከንፈሩን ከመሳም ግንባሩን መሳም፣ ማቀፍና ማጫወት አይከለከልም። ጉርሻስ? ለሚለው ጥያቄ፣ እናት ልጇን ብታጎርስ ጉዳት የለውም፤ ልጁ በለሃጫሙ እጁ እናቱን ሲያጎርሳት ግን፣ የሚያስቀው ነገር ቢሆንም፣ እስክትወልድ ድረስ ብታሳልፈው ይሻላል። እነዚህ ጥንቃቄዎች አደጋውን ሙሉ በሙሉ አያጠፉትም፣ ግን እንደሚቀንሱት ተረጋግጧል።

ስለ አራስ ጥየቃም የሚጠይቁን አሉ። ገንፎ ሊበሉ የመጡ እናቶች ሕፃኑን ቢስሙት፣ «እንትፍ እንትፍ ይደግ» ብለው ቢመርቁት ሲኤምቪ ያስይዙታል ወይ? ሊያስይዙት ይችላሉ፤ ነገር ግን በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ሕፃን ከተወለደ በኋላ ሲይዘው ጆሮውንም አእምሮውንም አይጎዳውም። ጉዳቱ በማህፀን የሚይዘው ነው። እግረ መንገዳችንን ግን አንድ እናሳስባችሁ፦ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው አራስ ሕፃን ፈጽሞ አይሳም። የምች ቫይረስ በአራስ ሕፃን ላይ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ምርቃቱን ከሩቅ ማድረስ ይቻላል።

ስለ ጡት ማጥባት የምንለው ጠንከር ያለ ነው። ቀድሞ የተያዘች እናት ወተት ውስጥ ቫይረሱ ይገኛል፤ አብዛኞቻችንም በሕፃንነታችን ያገኘነው በዚሁ መንገድ ነው። በዚህ ምክንያት «ወተትሽ ቫይረስ አለበት» ተብላ የሁለት ሳምንት ልጇን ጡት አስጥላ በዱቄት ወተት የጀመረች እናት አጋጥማናለች። ይህ ምክር የተሳሳተ ነው። በጊዜው ለተወለደ ሕፃን ጡት ማጥባት በሲኤምቪ ምክንያት አይቆምም። ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው እጅግ ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ ከ1,500 ግራም በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው፤ እነርሱን በወተት የሚመጣው ቫይረስ ሊያሳምማቸው ይችላል። ለእነርሱም ቢሆን የእናት ወተት ያለው ጥቅም ትልቅ ስለሆነ ውሳኔው ከሕፃናት ሐኪም ጋር የሚደረግ ነው። ወተትን በልክ በማሞቅ ቫይረሱን መግደል ይቻላል። እዚሁ ናይሮቢ በፑምዋኒ የእናቶች ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የእናት ወተት ባንክ ከለጋሽ እናቶች የሚሰበሰበውን ወተት የሚያዘጋጀው በዚሁ ዓይነት በማሞቅ ነው።

አሁን ከንግግራችን ሁሉ እንዳትረሱት የምንፈልገው ቁጥር 21 ነው። አንድ ሕፃን ቫይረሱን ከማህፀን ይዞት መምጣቱን በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው በተወለደ በ21 ቀን ውስጥ ምራቁ ወይም ሽንቱ ፒሲአር በሚባለው ዘዴ ሲመረመር ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተገኘ ቫይረስ ከማህፀን የመጣ ይሁን ወይስ ከጡት ወተት የተገኘ መለየት ያስቸግራል። ይህ ደግሞ በእኛ ልማድ ችግር አለው። አራስ ቤት ነው፤ ብዙዎቻችን ወንድ ልጅ 40 ቀን፣ ሴት ልጅ 80 ቀን ሞልቶ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ሕፃኑን ከቤት ማውጣት አንወድም። ልማዱን አንነቅፍም፤ አራስን ማሳረፍና ከሰው ግርግር መጠበቅ መልካም ነው። ነገር ግን ምርመራ የሚያስፈልገው ሕፃን ካለ አርባው ሲሞላ ጊዜው አልፏል። ናሙናውን ከቤት ወስዶ ማድረስም ይቻላል፤ ለሽንቱ ትንሽ ከረጢት ይበቃል፤ ምራቁም በጥጥ እንጨት ይወሰዳል፣ ጡት ከጠባ አንድ ሰዓት ካለፈው በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ምራቁ ላይ ቫይረሱ ከተገኘም በሽንት ይረጋገጣል።

ማን ይመርመር? በአሜሪካ ብዙዎቻችሁ ዘመድ ያላችሁበት የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ መመርመር ጀምሯል፤ በአገሪቱም የመጀመሪያው ግዛት ነው። እኛ ባለንበት አካባቢ ይህ በቅርብ ይሆናል ብለን አናስብም። ስለዚህ ቢያንስ እነዚህ ሕፃናት ይመርመሩ እንላለን፦ በተወለዱበት የጆሮ ምርመራ ያላለፉ፣ የጭንቅላታቸው ዙሪያ ያነሰ፣ ያለ በቂ ምክንያት ክብደታቸው ያነሰ፣ ቢጫነታቸው የቆየ ወይም ነጠብጣብ የታየባቸው፣ እናታቸው በእርግዝና ወቅት አዲስ ኢንፌክሽን እንደያዛት የተጠረጠረ። ምርመራው የት እንደሚሠራና ዋጋው ስንት እንደሆነ ከመውለዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ከወለዱ በኋላ ሦስት ሳምንት እንደ ሦስት ቀን ያልፋል።

ሕክምና አለው ወይ? አለው፣ ግን ልኩን እንናገር። ቫልጋንሳይክሎቪር የሚባል በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ምልክት ይዘው ለተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ወር ተጀምሮ ለስድስት ወር ቢሰጥ በመስማትና በዕድገት በኩል መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አሳይቷል። የጠፋውን አይመልስም፤ ያለው እንዳይጠፋ ይረዳል። ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስ ሕፃኑ በየጊዜው ደሙ ይታያል፤ ስለዚህ በሐኪም ክትትል እንጂ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚሰጥ አይደለም። ምልክት ለሌለው ሕፃን በመደበኛነት አይሰጥም። በእርግዝና መጀመሪያ አዲስ ለተያዘች እናት ደግሞ ቫላሳይክሎቪር በከፍተኛ መጠን ቢሰጥ ወደ ፅንሱ መተላለፉን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2020 ከእስራኤል የወጣ ጥናት አሳይቷል። ክትባት እስካሁን የለም። ብዙ ተስፋ የተጣለበት የሞደርና ኩባንያ ክትባት በኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው በመጨረሻው ደረጃ ሙከራ ግቡን አልመታም።

ቫይረሱ የተገኘበት ልጅ ሁሉ፣ ጤነኛ ቢመስልም፣ ጆሮው ቢያንስ እስከ ስድስት ዓመቱ በየጊዜው መታየት አለበት። የመስማት ችግር ከተገኘም ጊዜ አይባክን። እስከ ስድስት ወሩ ድረስ እርዳታ ያገኘ ልጅ ቋንቋው ዘግይቶ ከተደረሰበት ልጅ እጅግ የተሻለ ይሆናል። ለአንዳንዱ የመስሚያ መሣሪያ ይበቃዋል። ለሌላው የምልክት ቋንቋ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ በስደት ያለን ወላጆች ሌላ ምርጫ ይገጥመናል። የኬንያ የምልክት ቋንቋ በ2010 ሕገ መንግሥት ውስጥ የታወቀ፣ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር የፓርላማው ሦስተኛ ቋንቋ ነው፤ ለመስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤቶችም የሚያስተምሩት በእርሱ ነው። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ሌላ ነው። የአማርኛ ፊደል በእጅ ይጻፍበታል፤ ሰባቱም ቤቶች ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። «ነገ አገር ቤት እንገባለን፣ ያኔ የእኛን ይማራል» ብለው ልጃቸውን ያለ ምንም ቋንቋ አምስት ዓመት ያቆዩ ወላጆች አሉ። የእኛ አቋም ልጁ ዛሬ በሚኖርበት አገር የምልክት ቋንቋ ይጀምር የሚል ነው። አንድ ቋንቋ በልቡ የያዘ ልጅ ሁለተኛውን ለመማር አይቸገርም፤ ምንም ያልያዘው ግን ይቸገራል። እናትና አባትም አብረውት ይማሩ፤ በአስተርጓሚ የሚያድግ ልጅ መኖር የለበትም።

ስለ እናቶች ደግሞ ይህን እንበል። ልጁ መስማት የተሳነው ሲሆን በሹክሹክታ የሚነገረውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የቡዳ ዓይን ነው፣ እርግማን ነው፣ እናቲቱ አንድ ነገር ሠርታ ነው። ባል ሚስቱን፣ አማት ምራቷን የወቀሱበት ቤት አለ። ቫይረሱ አብዛኛውን ሰው የሚይዘው በጨቅላነቱ ነው፤ በእርግዝና ዘመን የገባም ቢሆን የገባው ልጇን ስታቅፍና ስታጎርስ ነው። የምትወቀስበት ነገር የለም። «ደንቆሮ» እና «ዱዳ» የሚሉትን ቃላት ደግሞ በዚህ ግቢ ውስጥ በሕፃናት ላይ ባንሰማቸው ደስ ይለናል።

ጊዜያችን አልቋል። የላብራቶሪ ወረቀት ያላችሁ እህቶች ወረቀቱን ይዛችሁ በአዳራሹ በስተቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ ኑ፤ ሁለት አዋላጆችና አንድ ሐኪም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ይቆያሉ፤ የምትነጋገሩት ሁሉ በምስጢር ይያዛል። ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖት የማይናገር ልጅ ያላችሁም እንዲሁ፤ የመስማት ምርመራ ወደሚደረግበት የምንልክበት ደብዳቤ እዚያው እንጽፍላችኋለን። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እንቀበላለን።